ሴት ዕድገት ስትፈልግ ስሟ ለምን ይለወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመሥሪያ ቤት፣ በቤትና በአደባባይ የሴትን የማደግ ፍላጎት በተመለከተ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው።

ድርብ መለኪያ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ዓይነት ድርጊት አድራጊው ወንድ ሲሆን በአንድ ስም፣ ሴት ስትሆን በሌላ ስም ሲጠራ ድርብ መለኪያ እንለዋለን። ለዚህ በአማርኛችን ከ«ደፋር» የተሻለ ምሳሌ የለም። «ደፋር ልጅ ነው» ሲባል ምስጋና ነው፤ ለኃላፊነት ታጨ ማለት ነው። «ደፋር ናት» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ዓይን አውጣ፣ ሥርዓት ያልተማረች ማለት ይሆናል። ሐሳቡን የማይለውጥ ወንድ ቆራጥ ነው፤ ሴቷ ግትር። ሥራ በቀኑ እንዲያልቅ የሚወተውት አለቃ ጠንካራ ነው፤ ሴቷ ነዝናዛ። ስለ ውጤቱ የሚናገር ወንድ በራሱ የሚተማመን ነው፤ ሴቷ ጉረኛ። ብርቱ ሴትን ለማመስገን ሲፈለግ ደግሞ «እሷኮ ወንድ ናት» ይባላል፤ ምስጋናው ራሱ ብርታትን ከሴት ነጥቆ ለወንድ ይሰጣል።

የማደግ ፍላጎት ራሱም በቋንቋችን ገለልተኛ ስም የለውም። «ምኞት» ለስላሳ ነው፤ እጅ አጣጥፎ መመኘትም ምኞት ነው። «የሥልጣን ጥም» ደግሞ ገና ከአፍ ሲወጣ ክስ ነው። ወንድ በሁለቱ መካከል «ዓላማ ያለው» ተብሎ ያልፋል፤ ሴቷ ግን ቶሎ ወደ ሁለተኛው ትገፋለች። እዚህ ገጽ ላይ የማደግ ፍላጎት ስንል የተሻለ ደረጃ፣ የተሻለ ደመወዝ ወይም የመወሰን ሥልጣን መፈለግን፣ መፈለግንም በግልጽ መናገርን ነው።

ይህ በማስረጃ የታየ ነገር ነው ወይስ ስሜት?

በማስረጃ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 127 የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን ለቤተ ሙከራ ሥራ አስኪያጅነት የቀረበ ማመልከቻ እንዲመዝኑ ተደረገ። ማመልከቻው ቃል በቃል አንድ ነበር፤ ለገሚሶቹ «ጆን»፣ ለገሚሶቹ «ጄኒፈር» የሚል ስም ተጽፎበት ነው የተሰጣቸው። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር የመነሻ ደመወዝ ሲታሰብለት ለጄኒፈር 26,508 ዶላር ብቻ ታሰበ፤ ብቃቱም ከእሷ የበለጠ ሆኖ ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሥልጣን እንደሚፈልግ የተነገረለት የፖለቲካ እጩ ወንድ ሲሆን ድምፅ አልቀነሰበትም፤ ሴት ስትሆን ግን መራጮቹ ራቋት፣ እንዲያውም ንቀትና ቁጣ እንደተሰማቸው ገለጹ።

በፍርድ ቤት የተረጋገጠም ጉዳይ አለ። አን ሆፕኪንስ በፕራይስ ዋተርሃውስ የሒሳብ ድርጅት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ለአጋርነት፣ ማለትም የድርጅቱ ባለድርሻ ለመሆን፣ ከታጩት 88 ሰዎች ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ለድርጅቱ በማስገኘት ትልቅ ድርሻ ነበራት። ገምጋሚዎቹ ግን ወንዳወንድነት እንደሚታይባት ጻፉ፤ አንዱ የጨዋነት ትምህርት ትውሰድ አለ፤ እጩነቷ ሲቆም የተሰጣት ምክር ደግሞ እንደ ሴት እንድትራመድ፣ እንደ ሴት እንድትናገር፣ እንድትኳልና ጌጥ እንድታደርግ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ለሷ ፈረደ። ከዳኞቹ ትንታኔ ሊያዝ የሚገባው አንድ ነጥብ ነው፦ ሥራው ኃይለኝነትን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ሴት ኃይለኛ ስትሆን የሚቀጣ አሠሪ፣ ብትሠራም ባትሠራም የምትወድቅበት ወጥመድ ውስጥ ያስገባታል።

ሴቶች ራሳቸው ኃላፊነት አይፈልጉም ይባላል። እውነት ነው?

መፈለግና መጠየቅ ይለያያሉ። አንዲት ሠራተኛ ለቡድን መሪነት የወጣውን የውስጥ ማስታወቂያ አይታ ዝም ስትል፣ ሌላዋ ባመለከተች ጊዜ ምን እንደተባለች አስታውሳ ሊሆን ይችላል። ለወንዱ የማመልከቻ ዋጋ አንድ ወረቀት ነው። ለሴቷ ወረቀቱ ላይ ሐሜቱ፣ የባልደረቦች ማኩረፍ፣ ቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ይታከልበታል። ዋጋው እንዲህ ሲለያይ አመልካቹ መለያየቱ አይገርምም።

ፍላጎቱ የት እንዳለ ለማየት መሥሪያ ቤቱን ትቶ ወደ ገበያና ወደ አየር ማረፊያ መሄድ ይበቃል። ከኢትዮጵያ ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ቋንቋ ሳያውቁ፣ ውል ፈርመው፣ ብቻቸውን። ከዚህ የበለጠ የማደግ ፍላጎት ከየት ይመጣል? ይህንን ግን ማንም በዚያ ስም አይጠራውም፤ «ለቤተሰቧ መሥዋዕት ሆነች» ነው የሚባለው። ተመልሳ በላከችው ገንዘብ በስሟ ቤት ልግዛ ወይም ሱቅ ልክፈት ስትል ግን የሚሰማው ቃል ይለወጣል።

ሴት ፕሬዚዳንት፣ ሴት ሚኒስትሮች ነበሩን፤ ታዲያ ችግሩ የት አለ?

በጥቅምት 2011 ከተሾሙት 20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያው ወር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድን እንዲመሩ ተሾሙ። ቀደም ብሎም በ2007ቱ ምርጫ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 212ቱን ሴቶች ይዘዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያቺ ዓመት ያሳደገቻቸው ልጃገረዶች ሴት ዳኛና ሴት መከላከያ ሚኒስትር ብርቅ ያልሆኑባቸው ናቸው።

ይሁንና መሾምና መወዳደር አንድ አይደሉም። የተሾመች ሴት ሌላ ሰው የፈለጋት ናት፤ ፍላጎቱ የእሷ መሆኑ አይታይም፤ ስለዚህ ይመረቅላታል። «እኔ እሻላለሁ፣ ምረጡኝ» ብላ የቆመች ሴት ግን ፍላጎቷ ግልጽ ነው፤ ጥርጣሬው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሩጫንም ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ማሸነፍ መፈለጓን ማንም አልጠላባትም፤ ያሸነፈችው ለባንዲራው ነዋ። ለአገር፣ ለልጆች፣ ለቤተሰብ ሲሆን የሴት ፍላጎት ይከበራል። ለራሷ ሲሆን ነው ስም የሚወጣለት። ወንድ ግን ለራሱ ቢፈልግም «ሰው መሆን ይፈልጋል» ይባልለታል። የድርብ መለኪያው ዋና መገጣጠሚያ ይህ ይመስለናል።

ባህላችን ነው፤ ሴት ወደ ሥልጣን ስትጠጋ መጠርጠሯ ከጥንት የመጣ አይደለም?

ከጥንት መጥቷል፤ ሥልጣን የያዙ ሴቶችም ከጥንት አሉ፤ ሁለቱም ባህላችን ናቸው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የተረተ ሕዝብ እቴጌ ምንትዋብን በጎንደር፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን በአዲስ አበባ አንግሧል።

በእቴጌ ጣይቱ ላይ የሆነውን ግን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። አፄ ምኒልክ ዘውዲቱን ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ፣ ሸዋረጋን ለራስ ሚካኤል ሲድሩ አገር ማስተሳሰር ተባለ፤ በእርግጥም ነበር። እቴጌይቱ የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን ከዘውዲቱ ጋር ሲያጋቡና ዘመዶቻቸውን ሲያሾሙ ግን ወገንተኛና ሥልጣን ወዳድ ተባሉ፤ ንጉሡ በታመሙበት ጊዜ መኳንንቱ በ1902 ከቤተ መንግሥቱ ሥራ እንዲርቁ አደረጓቸው። የመኳንንቱ የፖለቲካ ስጋት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ሸዋና ሰሜን ይፈራሩ ነበር። ነገር ግን በጋብቻ ወዳጅ ማፍራት የዘመኑ ሁሉ መሣሪያ ነበር፤ ከሳሾቻቸውም ይጠቀሙበት ነበር። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አጥብቀው የተቃወሙት፣ ለመቀሌው ምሽግ የሚሄደውን ውኃ ያስያዙት እቴጌ ናቸው። ያ ጠባይ ለአገር ሲውል ጀግንነት ነበር፤ ለራሳቸው ወገን ሲውል ሌላ ስም ተሰጠው።

ሴት አለቃን ይበልጥ የሚጠሏት ሴቶች ራሳቸው አይደሉም?

ሴቶችም ይጠላሉ፤ «ይበልጥ» የሚለው ግን በማስረጃ አልጸናም። በጆንና በጄኒፈር ሙከራ ሴት መምህራንም ልክ እንደ ወንዶቹ ለጄኒፈር ያነሰ ሰጥተዋል። ሁላችንም በአንድ ቋንቋ ነው ያደግነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ የቦታ ጥበት አለ፦ ባለ 9 አባል ማኔጅመንት ውስጥ ለሴት የታሰበችው አንድ ወንበር ብቻ ከሆነች፣ ሁለት ጎበዝ ሴቶች ሳይፈልጉት ተቀናቃኝ ይሆናሉ። ለስምንቱ ወንበሮች የሚሻኮቱ ወንዶች «ወንድ ለወንድ ጠላት ነው» ሲባሉ ግን ሰምተን አናውቅም።

የደመወዝ ጭማሪ ወይም የደረጃ ዕድገት ስጠይቅ «ስግብግብ» እንዳልባል ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ማስረጃውን ያዘጋጁ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ባለፉት 12 ወራት የሠሯቸውን አራት ወይም አምስት ሥራዎች፣ እያንዳንዱን በቁጥርና በቀን። «ጠንክሬ ሠርቻለሁ» አይጠቅምም፤ «የደንበኛ ቅሬታ ምላሽ ከ9 ቀን ወደ 3 ቀን ወርዷል፤ ከመጋቢት ጀምሮ» ይጠቅማል። ከዚያ የሚፈልጉትን የሥራ መደብ መስፈርት ከሰው ሀብት ክፍል ወስደው ከጎኑ ያስቀምጡት፤ የቱን እንደሚያሟሉ፣ የቱ እንደቀረዎት በግልጽ ይታይ። ቀጠሮ ይያዙ፤ በኮሪደር ወይም በሻይ ሰዓት አይጠይቁ። በጀት ከጸደቀ በኋላ መጠየቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ጥያቄው ከዚያ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት። የግል ድርጅት ከሆነ የበጀት ወሩን አስቀድመው ይወቁ።

ሲናገሩ ጥያቄውን ከሥራው ጋር ያያይዙት፦ «ይህ መደብ ሲሟላ ክፍሉ ይህን ያገኛል፤ ላለፉት 18 ወራት ሥራውን ደርቤ ስሠራ ውጤቱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ደረጃው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በድርድር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሴት ጥያቄዋን ከቡድኑ ጥቅም ጋር ስታያይዝ የሚደርስባት መገለል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ወንድ እንዲህ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህን ምክር የምንሰጠው የዛሬውን ጥያቄ እንዲያልፉበት ነው። «ይቅርታ፣ ካስቸገርኩ…» ብለው አይጀምሩ። ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ብዙ ሰው ዝምታው ሲከብደው ራሱ ቁጥሩን ይቀንሳል። በማግሥቱ የተባለውን በአጭር ኢሜይል ጽፈው ይላኩ፦ ምን ጠየቅሁ፣ ምን ተባልሁ፣ መልሱ መቼ ነው። መልሱ «አሁን አይደለም» ከሆነ «ምን ሲሟላ? እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁና ያንንም ይጻፉት።

ለ«ተወካይ» ነገር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶች የኃላፊውን ሥራ በተወካይነት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሠርተው፣ መደቡ ሲሞላ ከውጭ ሰው ይመጣል። ውክልናው ሲሰጥዎት ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው መነሻና ማብቂያ ቀን፣ የተሰጠዎትን የመፈረም ሥልጣንና አበሉን ይግለጽ። ቀኑ ሲያልፍ ወይ እንዲታደስ ወይ ቋሚ ውድድር እንዲወጣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ያለ ደብዳቤ የተሠራ ውክልና ለውድድር ሲቀርብ ልምድ ሆኖ አይቆጠርም፤ ኮሚቴው የሚያየው ማኅደሩን ነውና።

ቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል? ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ብለው ቢጠይቁኝስ?

ጥያቄው የሚጠይቀውን ሳይሆን የሚፈራውን ይመልሱ። የሚፈሩት መቅረትን ነው፤ ስለዚህ «ሥራው የሚጠይቀውን ሰዓትና የመስክ ጉዞ አይቻለሁ፤ እችላለሁ» ማለት ይበቃል፤ ወዲያው ወደ ሥራው የሚመልስ ጥያቄ ያስከትሉ፣ ለምሳሌ «የመስክ ጉዞው በወር ስንት ቀን ነው?» ብለው። የግል ሕይወትዎን መዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። አግብተሻል የተባለች ሴት «አዎ» ብትል ትወልዳለች፣ «አይ» ብትል ገና ታገባለች ተብላ ትመዘናለች፤ የሚያድን መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

ከፍርሃቱ ጀርባ ሒሳብ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ሕግ አውጪው እናቲቱን ሊጠብቅ ያስቀመጠው 120 ቀን በአሠሪው አእምሮ የሴት ዋጋ ሆኖ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የአሜሪካ ሙከራ እናት መሆኗ በማመልከቻው የተጠቀሰ ሴት ልጅ ከሌላት ሴት 11,000 ዶላር ያነሰ የመነሻ ደመወዝ ታስቦላታል፤ አባቶች ግን አልተቀጡም። በእኛም ዘንድ «ልጆች አሉት» ሲባል ኃላፊነት የሚሰማው ነው፤ «ልጆች አሏት» ሲባል ትቀራለች ነው። መፍትሔው ለጠያቂው ቀላል ነው፦ የመገኘት ጉዳይ ለሥራው ወሳኝ ከሆነ አንድ ዓይነት ጥያቄ ለሁሉም ተወዳዳሪ፣ ለወንዱም፣ ይቅረብ።

ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የሻይ ቡና ዝግጅት፣ የለቅሶ መዋጮ መሰብሰብ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው። እምቢ ልበል?

ብቻዎን እምቢ ካሉ «ኩሩ» ይባላሉ፤ ተራ እንዲወጣ ይጠይቁ። «ዛሬ እኔ ይዣለሁ፤ ከሚቀጥለው ጀምሮ በፊደል ተራ ይሁን» ብለው ስብሰባው ላይ ይናገሩና በቃለ ጉባኤው ይጻፉት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፍ የሚይዝ ሰው አይከራከርም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ሐሳብ አታቀርብም» ተብሎ ምዘናው ላይ ይወጣል።

«ቦታውን ያገኘችው በሌላ መንገድ ነው» የሚል ሐሜት ሲነሣስ?

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የወንድ ዕድገት በዝምድና ወይም በገንዘብ ቢታማ እንኳ በገላው አይታማም። ባለጉዳይዋ ስለ ግል ሕይወቷ መከራከር የለባትም፤ አንድ ጊዜ መከላከል ከጀመረች ርእሱ ሥራዋ መሆኑ ያበቃል። ሐሜቱን በቀጥታ የነገራት ሰው ካለ «ማን አለ? በምን አየ?» ብላ ቀንና ቃሉን መዝግባ ትያዝ፤ ከተደጋገመ በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚ ወይም ለሰው ሀብት ክፍል ታቅርበው።

ዋናው ኃላፊነት ግን ያሳደጋት አለቃ ነው። ሐሜት የሚበቅለው ሹመቱ በዝግ በር ሲሰጥ ነው። ውጤቱ በተገለጸ ዕለት ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ መስፈርቶቹ ምን እንደነበሩና ክብደታቸው፣ ኮሚቴው ስንት ሰው እንደነበረ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። «ይገባታል» ብሎ ማሞገስ ሐሜቱን ያባብሰዋል፤ ሒደቱን ማሳየት ያደርቀዋል።

ሕጉ ምን ይላል? አቤቱታዬን የት ላቅርብ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በእኩል ክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ 1156/2011 በጾታ ምክንያት በቅጥርም በክፍያም ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ አንቀጽ 87 ደግሞ ሴት ተወዳዳሪ በቅጥር ወይም በዕድገት ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። ነፍሰ ጡርን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት፣ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ በሕግ የተፈቀደ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ክልክል ነው።

አካሄዱ ከውስጥ ይጀምራል፦ በጽሑፍ ለአለቃ፣ ቀጥሎ ለቅሬታ ሰሚው፤ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩል። ካልተፈታ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይኬዳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በጊዜ ገደብ ነው፤ ከሥራ ተሰናብቶ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተስፋ ተሰጥቶ ሦስቱ ወር እንዳያልፍ ቀኑን ይቁጠሩ። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ አላቸው። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ለፌዴራሉ የሥራ እኩል ዕድል ኮሚሽን መክሰስ ትችላላችሁ፤ ገደቡ 180 ቀን ሲሆን ተመሳሳይ የግዛት መሥሪያ ቤት ባለባቸው ግዛቶች እስከ 300 ቀን ይዘልቃል።

ለሴት ቅድሚያ መስጠት ብቃትን አያወርድም?

የአንቀጽ 87 ቅድሚያ የሚሠራው እኩል ውጤት ሲመጣ ነው። ሁለት ሰዎች 78 ነጥብ ቢያመጡ አንዱን በሆነ መንገድ መምረጥ ግድ ነው፤ ሕጉ መንገዱን ነገረ። እዚህ ላይ የወረደ ብቃት የለም። ችግር የሚፈጠረው ኃላፊዎች ሴቷ በነጥቧ ያሸነፈችበትን ውድድር «ለሴት ድጋፍ ተብሎ ነው» ብለው ሲያስታውቁ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ቃል የሷን ድል ወደ ስጦታ ይለውጠዋል። በነጥብ ካሸነፈች በነጥብ አሸነፈች ተብሎ ይጻፍ።

የቅጥርና ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። አድልዎው እንዳይገባ ምን ላድርግ?

መስፈርቱንና ክብደቱን ማመልከቻ ሳይከፈት በጽሑፍ ያስፈርሙ። ይህ ካልተደረገ ኮሚቴው ሳያውቀው ለወደደው ሰው መስፈርት ይቀይራል፦ ወንዱ ልምድ ሲኖረው ልምድ ይበልጣል፣ ሴቷ ልምድ ሲኖራት ትምህርት ይበልጣል። ለሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቅረብ። እያንዳንዱ አባል ከመነጋገር በፊት ብቻውን ነጥብ ሰጥቶ ወረቀቱን ያስረክብ፤ መጀመሪያ ትልቁ ባለሥልጣን ከተናገረ የሌላው ነጥብ የሱ ማሚቶ ይሆናል። የሚቻል ከሆነ የጽሑፍ ፈተናው በስም ፋንታ በኮድ ይታረም።

በውይይቱ ላይ ደግሞ የጠባይ ቃል ሲወረወር ያቁሙ። «ኃይለኛ ናት»፣ «ሰው አትቀርብም»፣ «ትቸኩላለች» ሲባል «የትኛው ሥራ ላይ? መቼ? ምን ጎዳ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለው ቃለ ጉባኤ ላይ አይግባ። መልስ ካለው ያው ድርጊት በወንዱ ተወዳዳሪ ላይ ታይቶ እንደሆነ፣ ነጥብ ተቀንሶበት እንደሆነ ይፈትሹ። ዓመታዊ ምዘና ላይም ያው ነው፦ የአሥሩን ሠራተኞች አስተያየት ስሙን ሸፍነው ያንብቡ፤ የወንዶቹ ስለ ሥራ፣ የሴቶቹ ስለ ጠባይ የሚያወራ ከሆነ ሴቶቹ ለዕድገት የሚያበቃ ማስረጃ ሳይጻፍላቸው ዓመቱ አልፏል ማለት ነው። ወደ ገምጋሚዎቹ መልሰው ያስጽፉት።

ባለቤቴ ሹመቱን እንዳልቀበል ይፈልጋል። ምን ልበል?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር እንድትታዘዘው ይጠበቅባት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ይህን አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። ቤት ውስጥ ግን ሕግ ጠቅሶ የሚፈታ ነገር ጥቂት ነው። «ሹመት» የሚለው ቃል ብቻውን ያስፈራል፤ ስለዚህ ወደ ዝርዝር ያውርዱት፦ ደመወዙ ስንት ይጨምራል፣ ከቤት መውጫና መግቢያ ሰዓቱ በስንት ይለወጣል፣ በወር ስንት ቀን መስክ አለ፣ ልጆቹን ማን ያደርሳል፣ እራት ማን ያበስላል። ለእያንዳንዱ ስም ይጻፍበት፤ የሁሉም ስም የእርስዎ ከሆነ ችግሩ ሹመቱ እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታያላችሁ። ለሦስት ወር እንሞክረው ማለትም ይረዳል። ጠንካራው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ሳይሆን «ሰው ምን ይለኛል» ከሚለው ነው የሚመጣው፤ እሱን በስሙ ጠርቶ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሴት አለቃዬ በእውነት ሰው የምትበድል ብትሆንስ? ትችት ሁሉ አድልዎ ነው ልንል ነው?

አይደለም። ሠራተኛ የምትሰድብ፣ የሰው ሥራ በስሟ የምታቀርብ አለቃ ጾታዋ አይከላከልላትም፤ ይህን መካድ ሌሎቹን ሴቶች ይጎዳል። መለያው ሦስት ነገር ነው። ትችቱ ድርጊትን ይጠቅሳል ወይስ ጠባይን? «ሐሙስ ዕለት ሪፖርቴን ሰርዛ በስሟ ላከች» ትችት ነው፤ «ትዕቢተኛ ናት» ስም ማውጣት ነው። ቀድሞ የነበረው ወንድ አለቃ ያንኑ ሲያደርግ ቅሬታ ቀርቦ ነበር? ጥፋቱስ የእሷ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል ወይስ «ይኸው፣ ሴት ሲሾሙ እንዲህ ነው» ወደሚል ይዘልቃል? የአንድ ወንድ ሥራ አስኪያጅ ውድቀት የራሱ ውድቀት ነው። የአንዲት ሴት ውድቀት ከኋላዋ ለምትመጣው ማመልከቻ መልስ ሆኖ ከዋለ፣ ትችቱ እውነት ቢሆንም አድልዎው አብሮት አለ።

ወንዶችስ በዚህ መለኪያ አይጎዱም?

ይጎዳሉ፤ በተገላቢጦሹ። ዕድገት የማይፈልግ፣ የሚወደውን ሙያ ይዞ መቆየት የመረጠ ወንድ «ሰነፍ»፣ «ሞራሉ የሞተ» ይባላል። ሚስቱ ከሱ የበለጠ ደመወዝ ካላት፣ ወይም ልጅ ታሞ ከሥራ የሚቀረው እሱ ከሆነ፣ «ሚስቱ የምታዘው» የሚል ስም ይለጠፍበታል። ሦስቱን የአባትነት ፈቃድ ቀናት እንኳ ሳይጠይቁ የሚያልፉ አባቶች አሉ። ፈቃዱ ግን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው፤ ልጁ ሲወለድ ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ አመልክተው፣ ከሕክምና ተቋሙ የወሊድ ማስረጃ አያይዘው ሦስቱንም ቀን ይውሰዱ። አለቃ ከሆኑ ደግሞ በቅድሚያ እርስዎ ይውሰዱት፤ ሠራተኛው የሚያየው መመሪያውን ሳይሆን እርስዎን ነው።